ስኳር ድንች በደመወዝተኛ ገበታ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቢኖር፣ መልሱ ራሱን የሚመለከት ሆኖ ያገኘዋል። ጣልያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ አንድ ድርጅት ነበር። ስሙ በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። የአዲስ አበባ ሰው አፍም ቃሉን ገርቶ ካዛንቺስ አደረገው። እንግዲህ ሰፈሩ ከሥር ከመሠረቱ የደመወዝተኛ ሰፈር ነው ማለት ነው። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከዚያው አጠገብ በተመረቀ ጊዜ፣ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ጸሐፊዎችና ተርጓሚዎች፣ የየሚኒስቴሩም ወጣት ሠራተኞች በዙሪያው ቤት እየተከራዩ ሰፈሩን ሞሉት።

ደመወዝተኛ ባለበት ስፍራ ሁሉ የወሩ መጨረሻ የሚባል ነገር አለ። ወሩ ሃያን ሲያልፍ ምሳ አጭር ይሆናል፤ ከሃያ አምስት በኋላ ደግሞ ሻይና ዳቦ ምሳ ተብሎ ይጠራል። ተማሪውማ ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ በዚያው ኑሮ ላይ ነው። እኛም በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ነገር ልናወጋ የፈቀድነው ቁጠባን ለመስበክ አይደለም፤ ስለ ቁጠባ የሚሰብክ ሰው ብዙ ጊዜ የጠገበ ነው። የምናወጋው በጉልት ላይ ተደርድሮ ሳለ ብዙዎቻችን አይተን ስለምናልፈው ስለ ስኳር ድንች፣ ይልቁንም በቅመም ተጠብሶ ከዋናው ምግብ ጎን ስለሚቀርብበት አሠራር ነው።

አይተን የምናልፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ስኳር ድንች ማዕረግ የለውም። ተቀቅሎ የሚበላ የችግር ቀን ምግብ፣ ወይም ለሕፃን የሚሰጥ ነገር ተደርጎ ይታያል። ለእንግዳ አይቀርብም። በመሥሪያ ቤት ምሳውን ከሳሕኑ ከፍቶ ስኳር ድንች ያወጣ ወጣት ከባልደረቦቹ አንድ ቀልድ ሳይሰማ አይውልም። ተራው ድንች እንኳ በአልጫውም በጥቅል ጎመኑም ውስጥ እየገባ፣ በየመንገዱ ዳርም በዳጣ እየተበላ ስም አግኝቷል። ስኳር ድንች ግን ገና ደጅ ይጠናል።

ስማቸው ቢያገናኛቸውም ሁለቱ ዘመዳሞች እንዳልሆኑ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ድንች ከቲማቲምና ከቃሪያ ወገን ሲሆን የምንበላው ክፍሉ ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። ስኳር ድንች ግን መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ ነው፤ አበባው እንደ ጥሩምባ አፉን ይከፍታል፤ የምንበላውም ሥሩን ነው። ሁለቱም የተገኙት ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ኮሎምቦስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ እስፓኞችና ፖርቱጋሎች በየወደቡ አዳረሷቸው። ወደ አገራችን ተራውን ድንች ያመጣው በዚያው አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንደ ሆነ ይነገርለታል። ስኳር ድንች እንደዚህ ያለ የሚጠራ ባለውለታ የለውም፤ ምናልባት ማዕረጉን ያሳነሰው አንዱ ነገር ይኸው ይሆናል።

በሌላ አገር ግን ባለውለታዎቹ በስም ይታወቃሉ፤ ከእነርሱም መካከል የመንግሥት ሹማምንት መኖራቸው ለአንባቢዎቻችን ደስ ሳይል አይቀርም። በ1593 ዓ.ም. (አቈጣጠሩ አሁንም የአውሮፓውያን ነው) ቼን ዠንሎንግ የተባለ ቻይናዊ ነጋዴ ከፊሊፒን ደሴቶች የስኳር ድንች ሐረግ በምስጢር ወደ ፉጂያን አገር አሻገረ። በሚቀጥለው ዓመት በአገሩ ረኃብ ሲገባ የፉጂያን ገዥ የነበረው ጂን ሹዌዜንግ ተክሉ እንዲስፋፋ ለሕዝቡ አዘዘ። ዛሬ በዓለም ላይ ስኳር ድንችን ከማንም በላይ የምታመርት ቻይና ናት። በጃፓንም እንዲሁ፣ በ1732 ዓ.ም. ከደረሰው ብርቱ ረኃብ በኋላ፣ አኦኪ ኮንዮ የተባለ የመጽሐፍ ሰው በ1735 ዓ.ም. በኤዶ ከተማ ባለ የመንግሥት አትክልት ቦታ ተክሉን ዘርቶ አሳየ። ሕዝቡም ስሙን «የስኳር ድንች መምህር» ብሎ አወጣለት። ስንት ሊቅ በስንት መጽሐፍ ያላገኘውን ስም እርሱ በአንድ ሥር አገኘ።

በእኛ አገር ስኳር ድንች የሚከበርበት ስፍራ የለም ያልን እንዳይመስል። በወላይታ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በጎፋ፣ እንዲሁም በሐረርጌ ስኳር ድንች ቤተሰብ የሚያኖር ሰብል ነው። ሐረጉ ተቆርጦ ከተተከለ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ እህሉ ከጎተራ ካለቀበት እስከ አዲሱ መኸር ባለው ክፉ ወቅት ከእንሰት ጋር ሆኖ ብዙ ቤት ደግፏል። የዚያ አገር ልጅ የሆነ ተማሪ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ስለ ስኳር ድንች ሲቀለድ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እንገምታለን። ያሳደገው ምግብ ነው የሚቀለድበት።

የሥሩ ሥጋ ነጭም፣ ቢጫም፣ ወይን ጠጅም ይሆናል። ዛሬ ብዙ የሚነገርለት ግን ብርቱካናማው ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል። ይህ ቪታሚን ያነሰው ሕፃን በሽታ የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል፤ ሲመሽም ማየት ይሳነዋል፤ አባቶቻችን ዳፍንት ብለው የሚጠሩት ሕመም ይህ ነው። ለአንድ ትንሽ ሕፃን የቀኑን ፍላጎት ለመሙላት 125 ግራም ያህል ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ ማለት አንድ ትንሽ ፍሬ፣ ይበቃል ይባላል። ለዚህ ሥራ ሲሉ ተክሉን ያዳቀሉትና ያስፋፉት የኬፕ ቨርዷ ማሪያ አንድራዴ፣ የዩጋንዳው ሮበርት ምዋንጋና አሜሪካዊቱ ጃን ሎው፣ ከሌላው አሜሪካዊ ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር በ2016 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በአገራችንም በሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ኩልፎና ቱላ የተባሉ ብርቱካናማ ዝርያዎች ለገበሬው ቀርበዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ተከተለ። ብርቱካናማው ሥር ከነጩ ይልቅ ውኃ ይበዛበታል። የአገራችን ሰው ደግሞ የሚወደው ሲቆረስ ዱቄት ዱቄት የሚለውን፣ ጉሮሮ የሚይዘውን ነው። ብርቱካናማው በተቀቀለ ጊዜ ይልፈሰፈሳል፤ ሕፃናት ይወዱታል፤ ትልልቆቹ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። እኛ እንደምናስበው ጥፋቱ የሥሩ ሳይሆን የድስቱ ነው። ውኃ የበዛበትን ነገር ደግሞ በውኃ መቀቀል ለጠገበ ሰው ምሳ እንደ መጋበዝ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ሥር የሚፈልገው ውኃውን የሚያተንንለት ደረቅ እሳት ነው።

ስለ እሳቱ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር አንባቢያችን ይታገሠን፤ የዚህ ምግብ ምስጢር ሁሉ በዚህ ላይ ነውና። ጥሬ ስኳር ድንች ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል እንዳልጣፈጠው ያስታውሳል። ብዙው ጣፋጭነት በሥሩ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የሚወለደው በእሳት ላይ ነው። ሥሩ ውስጥ ስታርች አለ፤ ስታርቹን ቆራርጦ ማልቶዝ ወደሚባል ስኳር የሚለውጥ ቤታ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይምም አለ። ይህ ሠራተኛ (ሠራተኛ ብለን ብንጠራው አይከፋውም) ሥራውን የሚሠራው የሥሩ ውስጥ ሙቀት ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ጊዜ ነው። ከዚያ በታች ስታርቹ አልላላምና የሚቆርጠው አያገኝም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ ሥሩ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ባለፈ መጠን ይጣፍጣል፤ በችኮላ ባለፈ መጠን ይደነዝዛል። ተቆራርጦ በፈላ ውኃ ውስጥ የተጣለ ስኳር ድንች ያን ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ዘልሎት ያልፋል፤ የተገኘውም ስኳር ጥቂቱ ከውኃው ጋር ይደፋል። በማይክሮዌቭ የተሠራውም ከዚሁ አይሻልም።

ጃፓኖች ይህን በልማድ ያውቁታል። በክረምት በየመንገዱ በሚዞሩ መኪኖች ላይ ስኳር ድንቹን ከነልጣጩ በጋለ ጠጠር መካከል ቀብረው ቀስ እያሉ ይጠብሱታል፤ ሲሰነጠቅም ማር የሚመስል ፈሳሽ ያወጣል። ስኳር አልጨመሩበትም፤ ጊዜ ብቻ ጨመሩበት።

በእኛም ቤት ለዚህ የሚሆን ጥበብ አለ፤ እርሱም የድፎ ዳቦ አጋገር ነው። ባለሙያ እናቶች ድፎውን ሲጋግሩ ከታች እሳት፣ በክዳኑ ላይም ፍም ያደርጋሉ፤ እሳቱም ለብ ያለ፣ የማይቸኩል ይሆናል። ዘመናዊ መጋገሪያ የሌለው ሰው ወፍራም ብረት ድስት ከክዳኑ ጋር ካገኘ ለስኳር ድንች ከዚህ የሚበልጥ ምድጃ አያስፈልገውም። ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ተማሪም እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሥሩን በየጊዜው እያገላበጠ ሊሠራበት ይችላል።

አሁን ወደ ገበያ እንውረድ። ቂርቆስና ካዛንቺስ ዛሬ በአንድ ክፍለ ከተማ ሥር ያሉ ናቸው፤ ክፍለ ከተማውም የተጠራው በቂርቆስ ስም ነው። በጉልት ላይ ስኳር ድንች ሲገዙ ትልቁን መምረጥ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ እኛ ግን መካከለኛውንና ቀጠን ያለውን እንመክራለን፤ ትልቁ መካከሉ ሳይበስል ዳሩ ያርራልና። ቆዳው ያልተጨማደደ፣ ሲጨበጥ የጠነከረ፣ ጫፉ ያልለሰለሰ ይሁን። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበትን ይተዉት፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ነቀዝ የበላው ስኳር ድንች ይመራል፤ ምሬቱንም ማርም ቅመምም አያጠፋውም። የሻገተውም እንዲሁ የሚጣል ነው፤ የተበላሸውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን መብላት ደግ አይደለም። ሻጯን «እናቴ፣ ውስጡ ምን ዓይነት ነው? አንዱን ይቁረጡልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም፤ የውስጡ ቀለም በቆዳው አይታወቅምና። ነጩ ቢገኝ ምግቡ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ነጩ ደረቅ ስለሆነ ዘይቱን ጥቂት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ከማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ። ስኳር ድንች የሙቅ አገር ልጅ ነው፤ ከ12 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ የሰነበተ እንደ ሆነ መካከሉ ይደድራል፤ ቢያበስሉትም አይለሰልስም። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ስፍራ በቅርጫት ማኖር ይበቃዋል።

ለአራት ሰው የሚሆነው ልክ ይህ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ድንች፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ከተቀጠቀጠ ቅርንፉድ በጣት ጫፍ ቁንጥር፣ አውራ ጣት አንጓ የሚያህል ዝንጅብል ተፍቆ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሚጥሚጣ ለወደደ ቁንጥር ይጨመራል፤ እኛ እንወዳለን።

ሥሩ በውኃ ታጥቦ፣ አፈሩ በደንብ ተፈግፍጎ፣ ሳይላጥ ይደርቃል። ከነልጣጩ በብረት ድስቱ ውስጥ ተደርድሮ ይከደንና ለብ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ውኃ አይጨመርበትም። በየአሥር ደቂቃው እየተገላበጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ ይቆያል። መጋገሪያ ያለው ሰው ገና ከቀዝቃዛው መጋገሪያ ውስጥ ከትቶ ሙቀቱን እስከ 150 ዲግሪ ቀስ እያለ ቢያሳድገው ይኸው ውጤት ይገኛል። ቢላዋ ሲወጉት ዳሩ ለስልሶ መካከሉ ጥቂት እምቢ ሲል ይወጣል። ያን ጊዜ ጣፋጭነቱ ተወልዷል፤ የሚቀረው ማስዋብ ነው።

ጥቂት ከቀዘቀዘ በኋላ ልጣጩ ይገፈፍና ሁለት ጣት በሚያህል ውፍረት ይቆረጣል። ዘይቱ፣ ጨው፣ ዝንጅብሉና ቅመሙ አንድ ላይ ተለውሶ ቁራጩ ይታሽበታል፤ እንዳይፈርስ በእጅ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ እሳቱ ከፍ ይላል። በሰፊ ብረት ምጣድ ወይም በትሪ ላይ፣ ቁራጩ እርስ በርሱ ሳይደራረብ፣ ሳይከደን ይጠበሳል፤ በመጋገሪያ ከሆነ በ200 ዲግሪ። እዚህ ላይ መክደን ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ይቀቅለዋል፤ የሸሸነው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል በአንድ ወገን፣ አምስት ደቂቃ በሌላው፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን ማሩ ይንጠባጠብበታል። ማር ከመጀመሪያው የገባ እንደ ሆነ ያርርና ይመራል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይበቁታል።

ከቅመሞቹ ሁሉ ስለ ኮረሪማ አንድ ቃል እንጨምራለን። ቀረፋና ቅርንፉድ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ናቸው፤ ቀረፋ የሚለው ስሙ እንኳ ከዓረብኛ የመጣ ነው። ኮረሪማ ግን የአገራችን የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ደኖች ልጅ ነው። ሽታው ከሄል ጋር ቢቀራረብም ከዚያ የጠለቀ፣ ጥቂትም ጢስ ጢስ የሚል ነው። በውጭ አገር የተጻፉ የምግብ መጻሕፍት ለስኳር ድንች ቀረፋን ያስቀድማሉ፤ እኛ ኮረሪማው ከቀረፋው እኩል እንዲሆን ያደረግነው አውቀን ነው። ቀረፋ ብቻውን የገባበት ስኳር ድንች ኬክ ኬክ ይላል፤ ኮረሪማ ሲገባበት ምግብ ይሆናል። ደግሞም ከዚህ ቅመም አብዛኛው ለሻይ ተብሎ በየቤቱ አለ፤ አዲስ ወጪ አይጠይቅም። ኮረሪማው ከነቅርፊቱ ተገዝቶ በዕለቱ ቢፈጭ ይመረጣል፤ ተፈጭቶ የሰነበተ ሽታው የለም።

አንዳንድ አንባቢዎች «ጣፋጭ ነገር ከሥጋና ከወጥ ጋር ምን አገናኘው?» ሳይሉ አይቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን የዶሮ ወጥ ነው። ያ ሁሉ ሽንኩርት ሰዓታት ሙሉ በእሳት ላይ ሲቁላላ የሚሰጠው ምንድን ነው? ጣፋጭነት አይደለምን? በርበሬው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ከጥሬ ሥጋ ጋር ጠጅ የሚጠጣ ሕዝብ ማርና ሥጋ አልተገናኙም ሊል አይችልም። በቅመም የተጠበሰው ስኳር ድንች በጥቂት ሚጥሚጣ ሲታገዝ ለጥብስ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ለተጠበሰ ዓሣም እንዲሁ። ከእንጀራ ጋር የቀረበ እንደ ሆነ ግን ምስር ወጥና ጎመን ያለበትን በያይነቱ እንመርጥለታለን፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ለጣፋጩ ልጓም ይሆነዋል። ከሽሮ ጋር ሞክረን አልወደድነውም፤ ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያደክመዋል።

ጾምም ሲሆን ነገሩ አይከፋም፤ ቅቤው ቀርቶ ዘይት ይገባል፤ የኑግ ዘይት የተገኘ እንደ ሆነ ለኮረሪማው ይስማማል። ቅቤም ሆነ ዘይት ለጣዕም ብቻ የገባ እንዳይመስል፤ የብርቱካናማው ሥር ቤታ ካሮቲን ወደ ሰውነት የሚገባው በስብ ታግዞ ነው። ያለ አንዳች ቅባት ተቀቅሎ የተበላው ከዚህ ጥቅሙ ብዙውን ሳይሰጥ ያልፋል። በጾም ወራት ሥጋውንም ወተቱንም ዕንቁላሉንም ለሚተው ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመጠን በላይ ማጣፈጥ ግን ምግቡን ያበላሸዋል። በአሜሪካ በምስጋና ቀን በዓል ስኳር ድንቹን በቡናማ ስኳርና በቅቤ ካሰጠሙት በኋላ በላዩ ላይ ነጭ ከረሜላ ደርድረው ይጋግሩታል። ይህንንም ብዙ ጊዜ «ያም» ብለው ይጠሩታል፤ ያም ግን ሌላ ሥር ነው፤ በወላይታ «ቦዬ» ከሚባለው ወገን ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ይህን ገበታ ማየታቸው አይቀርም። እኛ ግን እንደዚያ ያለውን ከምግብ ጎን ሳይሆን ከቡና ጋር ቢቀርብ እንመርጣለን። ከጥብስ አጠገብ የሚቀመጥ ነገር ጥብሱን መርዳት እንጂ መሸፈን የለበትም።

ስለ ከሰሉ የምንለው ከባድ ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ብዙው ክፍል ለልማት ሥራ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማው ስፍራዎች ተዛውሯል። አብሮ የፈረሰው የጋራ ግቢውና የጋራ ማድ ቤቱ ነው፤ አንዲት ጎረቤት ያነደደችውን ፍም ሦስት ቤት የሚካፈልበት ኑሮ ነው። ወደ ፎቅ ቤት የገባ ወጣት ያንን ከሰል ይዞ የገባ እንደ ሆነ ግን አደጋ ላይ ነው። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው እያንቀላፋ ይገድለዋል። መስኮት መክፈት ብቻ በቂ መተማመኛ አይሆንም። የድፎውን አሠራር የመረጠ ሰው በሰገነት ወይም በግቢ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይሥራ፤ ምግቡ ካለቀ በኋላም «ክፍሉን ያሞቅልኛል» ብሎ ፍሙን ወደ መኝታው አያስገባ። በየክረምቱ በዚህ ምክንያት የሚጠፋ ሕይወት አለ። ከሰገነትም ከግቢም አንዱን ያላገኘ በኤሌክትሪክ ይሥራ፤ ከላይ ፍም ባይኖርም ክዳኑ ከባድ ከሆነና ማገላበጡ ካልተረሳ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ያለ መጥበሻ፣ በመቀቀል ብቻ መሥራት ግድ የሆነበትስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቅቅል ከቆላ ይልቅ በደጋ ይዘገያል። እንዲህ የሆነበት ሰው ሥሩን ሳይልጥና ሳይቆርጥ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ጥዶ እሳቱን ቀስ እያለ ያሳድገው። ከተጠበሰው ባይደርስም በፈላ ውኃ ከተጣለው ይሻላል። ከዚያም ከውኃው ወጥቶ፣ ተገፎና ተቆርጦ፣ በቅመሙና በዘይቱ በጋለ መጥበሻ ላይ ዳሩን ቡናማ ማድረግ ይቻላል።

ለእንግዳ ሲቀርብ በሰፊ ሳሕን ይሁን፤ የተከመረ እንደ ሆነ ዳሩ ይለሰልሳል። ከምድጃ እንደ ወጣ ይበላ፤ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ባይጠፋም ጥርሱ ላይ የሚሰማው ጥቂት ጥንካሬ ይጠፋል። እንግዳው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ስሙን ሳይደብቁ መናገር ነው። የወላይታ ልጅ በገበታው ዙሪያ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ በእርሱ ቤት እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል፤ ከእኛ የተሻለ ያውቃልና።

የተረፈው ለነገ ቁርስ ይሆናል። የበሰለው ስለሆነ ከማቀዝቀዣ ቢገባ አይጎዳም። ጠዋት በሹካ ተዳምጦ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ በጥቂት ዘይት በመጥበሻ ላይ ገልበጥ ገልበጥ ይደረግና በትኩስ ዳቦ መካከል ይገባል። በወረቀት ተጠቅልሎም እስከ መሥሪያ ቤት ድረስ ሙቀቱን ይይዛል።